ያለ ንብ ሰም የከንፈር ቅባት ቤት ውስጥ አሠራር

የከንፈር ቅባት ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ አይደለም። ሰም፣ በተር (ከኮኮዋ ወይም ከሺያ ፍሬ የሚወጣ ጠጠር ያለ ስብ) እና ዘይት አቅልጦ፣ ቀላቅሎ፣ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ እስኪረጋ መጠበቅ ነው፤ በቃ። ችግሩ፣ አብዛኛው አሠራር ገና ሲጀምር «የንብ ሰም» ይላችኋል። የማትፈልጉበት ምክንያት የራሳችሁ ነው። አንዳንዱ ከእንስሳ የተገኘ ነገር አይጠቀምም። አንዳንዱ ፕሮፖሊስ፣ ማለትም ንቦች ቀፏቸውን የሚደፍኑበት ሙጫ፣ አለርጂ ይሆንበታል፤ ከሱ ጥቂቱ ደግሞ ሰሙ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሌላው ሽታውን አይወደውም፣ ወይም ፈልጎ አላገኘውም።

ያለሱ መሥራት ይቻላል። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ፦ ሰም በሰም ግራም ለግራም አይተካም። አሠራሩ 8 ግራም የንብ ሰም ካለ፣ እናንተ በሱ ቦታ ካንደሊላ የሚባለውን የዕፅዋት ሰም 8 ግራም ብትከቱ የሚወጣው ከንፈር የሚፍቅ ድርቅ ያለ ነገር ነው። 8 ግራም የሶያ ሰም ብትከቱ ደግሞ ኪስ ውስጥ የሚላቆጥ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥር ከመሸምደድ ጥንካሬውን መፈተሽ መቻል ይበልጣል። ፈተናው አንድ ማንኪያና ፍሪዘር ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ፣ ሰሙ ምን ሥራ ነበረው?

የከንፈር ቆዳ ስስ ነው። እንደ ሌላው የፊት ቆዳ ራሱን በራሱ አያወዛም። ብርድ፣ ነፋስ ወይም ደረቅ አየር ሲነካው ውሃው ቶሎ ይተናል። በምላስ ማራስ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ምራቁ ሲደርቅ ከንፈሩ ከበፊቱ ይልቅ ይሰነጣጠቃል።

ቅባቱ ለከንፈር ውሃ አይጨምርም። ያለው ውሃ እንዳይተን ከላይ ይሸፍናል እንጂ። ዘይት ብቻውን ብትቀቡ ትንሽ ይሠራል፣ ግን ይፈሳል፣ ቶሎም ይጠረጋል። ሰሙ ነው ዘይቱን አስሮ ቦታው ላይ የሚያቆየው። ኮኮዋ በተርና ሺያ በተር መሀል ቤት ናቸው። ኮኮዋ በተር ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ይህ ከሰውነታችን ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ለዚህ ነው በእጅ ስትይዙት ደረቅ የሆነው ከንፈር ላይ ሲያርፍ የሚለሰልሰው። የኮኮናት ዘይት ግን 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሞቅ ባለ ቀን ጥንካሬ ይሰጠኛል ብላችሁ አትመኩበት።

የትኛውን ሰም ልጠቀም?

ለጀማሪ የኔ ምርጫ ካንደሊላ ነው። ሰሜን ሜክሲኮና ደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ ላይ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሚወጣ፣ ቢጫ ፍርፋሪ ሆኖ የሚሸጥ ሰም ነው። የሚቀልጠው ከ68 እስከ 73 ዲግሪ ላይ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ላይ ስለሚቀልጥ ያን ያህል አይራራቁም፤ በጥንካሬ ግን ካንደሊላ በጣም ይበልጣል። መነሻ አድርጋችሁ የምትይዙት ሒሳብ የንብ ሰሙን ግማሽ ነው። 8 ግራም የሚል አሠራር ካገኛችሁ በ4 ጀምሩ። ከንፈር ላይ ትንሽ ብርቅርቅታ መስጠቱም አይጠላም።

ካርናውባ ከዚያም ይጠጥራል። ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚገኝ ሰም ነው፤ ከረሜላ የሚያብለጨልጨውም፣ የመኪና ቀለም የሚወለውለውም እሱ ነው። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሥር ያለው ውሃ በደንብ ካልሞቀ አይነቃነቅም። ብዙ ከገባ ቅባቱ ይሰባበራል። ቦርሳ ውስጥ፣ ሙቀት ቦታ ለሚቀመጥ ቅባት ግን ጥሩ ነው። ከካንደሊላ በትንሹ ቀንሳችሁ አስገቡት፤ 4 ግራም በሚለው ቦታ 2.5 ወይም 3።

የሶያ ሰም ለስላሳ ነው። ካንደሊላን ለመተካት ከእጥፍ በላይ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፤ የጨመራችሁትን ያህል ከፈሳሹ ዘይት ቀንሱ። ሲገዛ ግን መጠንቀቅ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የሶያ ሰም ለሻማ የተዘጋጀ ስለሆነ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ ለመዋቢያ መሆኑ ካልተጻፈ ተዉት። የቤት ሻማ ቆርሶ ማቅለጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ 30 ግራም ይወጣዋል። ከታች እየተሽከረከረ የሚወጣ መደበኛ የከንፈር ቅባት ቱቦ ስድስት ያህል ይሞላል።

- ካንደሊላ ሰም፦ 4 ግራም
- ኮኮዋ በተር፦ 6 ግራም
- ሺያ በተር፦ 6 ግራም
- የኮኮናት ዘይት፦ 5 ግራም
- የአልሞንድ፣ የሱፍ ወይም የወይራ ዘይት፦ 6 ግራም
- የጉሎ ዘይት፦ 3 ግራም

የምታዘጋጁት በቱቦ ሳይሆን በጣት በሚነካ ትንሽ ብልቃጥ ከሆነ ሰሙን 3 ግራም አድርጉት፤ ዘይቱን በ1 ግራም ጨምሩ።

የጉሎ ዘይት ወፈር ያለና የሚያጣብቅ ነው፤ ከንፈር ላይ የሚቆየውም በሱ ነው። ብዙ ከሆነ ግን ደስ አይልም፣ ጥቂት ሰዎች ላይም አለርጂ ያስነሳል። ካልተስማማችሁ በሌላው ዘይት ተኩት፤ ቅባቱ አይበላሽም። ለአልሞንድና መሰል ፍሬዎች አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ የሱፍ ዘይት ይሻላል። ሺያም የፍሬ ውጤት መሆኑን አትርሱ።

ቫይታሚን ኢ ካላችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል አድርጉ። ዘይቱ ቶሎ እንዳይሻግት ያዘገያል። ባክቴሪያ ግን አይገድልም። ብዙዎች ማቆያ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው ይህን የምለው።

ከዕቃ በኩል፣ ግራምን በነጥብ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ቢኖር እጅግ ይመረጣል። በማንኪያ መስፈር ለዘይት ያስኬዳል፤ ለሰም ግን አያስኬድም፤ ፍርፋሪ ሰም ማንኪያ ላይ አንዴ ተከምሮ አንዴ ሳስቶ ይቀመጣል፣ በ30 ግራም ውስጥ ደግሞ አንድ ግራም ሰም ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሌላው ድስት፣ ሙቀት የሚችል መገልበጫ አፍ ያለው ብርጭቆ፣ የብረት ማንኪያና ሶፍት ነው።

አሠራሩ

1. ዕቃውን አጽዱ፣ አድርቁ። ቱቦዎቹንና ብልቃጦቹን በሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከተቻለ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉና እንዲተን ተዉት። እጃችሁንም ታጠቡ። አደራ የምለው ድርቀቱን ነው። አንዲት የውሃ ጠብታ እንኳ ቅባቱ ውስጥ ከገባች ሻጋታ ትጠራለች። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማንኪያውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።

2. ሰሙን ከበተሩ በፊት አቅልጡ። ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ውሃ ጥዱ። ሰሙን ከፈሳሹ ዘይት ጋር ብርጭቆው ውስጥ አድርጋችሁ ድስቱ መሀል አስቀምጡት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ ውሃው እየተንተከተከ ብርጭቆው ውስጥ እንዳይረጭ። ካርናውባ ከሆነ ሞቅ ማድረግ ይኖርባችኋል። ሰምም ዘይትም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱም፤ ይቃጠላሉ፣ እሳትም ሊይዛቸው ይችላል። እሳት ከያዛቸው ደግሞ ውሃ አትድፉበት፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ በክዳን አፍኑት። ጥላችሁም አትሂዱ፣ ረጅም ጊዜ አይወስድም።

ሰሙ የቀለጠ መስሎ ሥሩ ላይ ድብቅ ፍርፋሪ ይቀራል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ከሥር እዩት። ጥርት ብሎ ወርቃማ ከሆነ አልቋል። ብዥ ያለ ደመና ካለበት ጥቂት ቆዩ።

3. ኮኮዋ በተሩን ጨምሩ። ኮኮዋው ከቀለጠ በኋላ የኮኮናት ዘይቱን፣ በመጨረሻ ሺያውን። ሺያ በመጨረሻ የሚገባው ረጅም ሙቀት ስለማያስፈልገው ነው። ቀዝቃዛው በተር ሲገባ ሰሙ ተመልሶ እንደ ነጭ ክር ሊረጋ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ሙቀቱ ላይ አቆዩት፣ ይሟሟል። በቀስታ አማስሉ።

4. የማንኪያ ፈተና። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀዝቃዛውን ማንኪያ አውጡ፣ ከላዩ ላይ ያለውን ጤዛ በሶፍት አድርቁ። ከቅልጡ ጥቂት ጠብታ አንጠባጥቡበት። ወደ ፍሪዘር መልሱት፣ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። አውጥታችሁ ደግሞ ብርዱ እስኪለቀው ትንሽ ጠብቁ፤ ከፍሪዘር እንደወጣ ሁሉም ነገር ጠንካራ ነው፣ ይሸውዳችኋል።

አሁን በጣታችሁ ጫፍ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት። ጣታችሁ ሳይሰምጥ ላዩ ላይ ስስ ቅባት ይዞ ከወጣ ለቱቦ ልክ ነው። ጣት ስር እንደ ቅባት ከተዝረከረከ ሰም ጎሎታል፤ ግማሽ ግራም ጨምሩ። ደርቆ በጥፍር ካልተፋቀ በቀር አልነካ ካለ፣ ወይም ከማንኪያው ላይ ቅርፊት ሆኖ ከተነሳ፣ ሰሙ በዝቷል፤ አንድ ግራም ዘይት ጨምሩ። ከዚያ እንደገና ፈትሹ። ከንፈራችሁም ላይ ሞክሩት፤ ጣት የማይነግራችሁን ከንፈር ይነግራችኋል። መጎተት ከተሰማችሁ ዘይት ይፈልጋል።

ይህን ፈተና ዘልላችሁ ቱቦ ከሞላችሁ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ስድስት ቱቦ በስንጥር እየፈለፈሉ ማውጣት ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ አስቡት።

5. መዓዛ ከፈለጋችሁ አሁን። ብርጭቆውን ከውሃው አውጡ። ውጭውን በፎጣ አድርቁ፤ ስትገለብጡ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው ብዙ ቅባት የሚያበላሸው። አንድ ሁለት ደቂቃ ቀዝቀዝ ይበል። የፔፐርሚንት ወይም የላቬንደር የተጣራ የመዓዛ ዘይት ለ30 ግራም ሦስት ጠብታ ይበቃል። ደግሜ እላለሁ፣ ሦስት። ከንፈር ላይ የሚቀባ ነገር ቀስ በቀስ እየተላሰ ወደ ሆድ ይገባል፤ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ቀረፋና ቅርንፉድ ያቃጥላሉ። ከሎሚና ከቤርጋሞት ልጣጭ ተጨምቆ የወጣው ዘይት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ሊጎዳ ይችላል።

6. ገልብጡ። ቱቦዎቹን እንዳይወድቁ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሯቸው። ቅልጡ ጠርዙ ላይ ስስ ቆዳ ማበጀት ሳይጀምር በቀስታ፣ ሳታቋርጡ ሙሉ። እስከ አፉ አትሙሉት። ጥቂት ብርጭቆው ውስጥ አስቀሩ። ቅባቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸበሸብ መሀሉ ላይ ጉድጓድ ይሠራል፤ ያስቀራችሁትን መልሳችሁ ሞቅ አድርጋችሁ ከላይ ትደፍኑበታላችሁ።

7. ቶሎ አቀዝቅዙት። ክዳኑን ሳትከድኑ ፍሪጅ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ አውጥታችሁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁና ክደኑ። ትኩሱን ብትከድኑት ክዳኑ ሥር ላብ ይቋጥራል፤ ላብ ደግሞ ያው ውሃ ነው።

ብርጭቆውን ወደ መታጠቢያ አትውሰዱ። ሙቅ እያለ በሶፍት ጥረጉት፣ ሶፍቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፣ ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ። ሰም ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ከረጋ ሌላ ወጪ ነው።

ለምን አሸዋ አሸዋ አለኝ?

ሺያና ኮኮዋ የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። ቅባቱ ሲሠራ ልስልስ ያለ ነበር። ሳምንት ቆይቶ ግን ከንፈር ላይ ጥቃቅን እህል የመሰለ ነገር ይሰማል፤ በጣት ስታሹት ቀልጦ ይጠፋል። አልተበላሸም። በተሩ ውስጥ ያሉት ስቦች በአንድ ሙቀት አይረጉም፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚረጉት ቀድመው ለብቻቸው ተሰባስበው እህል ይሠራሉ። ፀሐይ ላይ ቀልጦ በራሱ ጊዜ መልሶ የረጋ ቱቦም እንዲሁ ያደርጋል።

መፍትሔው ሁሉንም መልሶ ማቅለጥ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ጥርት እስኪል፣ ከዚያም ሙቀቱ ላይ ጥቂት አቆይቶ ቶሎ ፍሪጅ ማስገባት። ለዚህ ነው ሰባተኛው ላይ «ቶሎ» ያልኩት። የሚያስቸግራችሁ ሁልጊዜ ሺያው ከሆነ ግማሹን በኮኮዋ በተር ተኩት።

ላዩ ላይ የዘይት ጠብታ ካቀረረ ደግሞ ዘይቱ ሰሙ ከሚይዘው በላይ ሆኗል፣ ወይም የተቀመጠበት ቦታ በጣም ይሞቃል። ትንሽ ሰም ጨምሮ ማቅለጥ ነው።

ሰም የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለስ?

ይሆናል፣ በብልቃጥ ከሆነ። 15 ግራም ኮኮዋ በተር፣ 8 ግራም ሺያና 7 ግራም ዘይት በዚያው መንገድ አቅልጡ። ቀዝቃዛ ቦታ ላሉ ሰዎች ይህ በጣም ጥሩ ቅባት ነው። ሙቀት ካለበት ፈሳሽ ይሆናል፤ ቱቦ ውስጥ አትሞክሩት።

ሌላው ቀላል መንገድ ቫዝሊን ነው። «ተፈጥሯዊ አይደለም» ብለው የሚሸሹት አሉ፤ መብታቸው ነው። ግን ውሃ እንዳይተን በመሸፈን እሱን የሚያክል ጥቂት ነው፣ ሽታ የለውም፣ አለርጂ የሚሆንበትም ሰው እምብዛም ነው። 20 ግራም ቫዝሊን ከ10 ግራም ኮኮዋ በተር ጋር አቅልጣችሁ ብታረጉት ከተራው ቫዝሊን ጠንከር ያለ፣ ቸኮሌት ቸኮሌት የሚሸት ቅባት ይወጣችኋል። ከንፈሩ ክፉኛ የተሰነጠቀበት ሰው ግን መዓዛም ቀለምም የሌለበት ተራ ቫዝሊን ቢቀባ ይሻለዋል። አፍ ጥጉ ላይ የማይድን ቁስል ካለ ደግሞ ይህ የቅባት ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ይየው።

እነዚህን አትጨምሩ

ማር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ የሬት ጄል። ኢንተርኔት ላይ የሌሉበት አሠራር የለም። ሦስቱም ውስጥ ውሃ አለ፣ ከዘይት ጋር አይዋሃዱም፣ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ። ሬቱና ጭማቂው ሻጋታ ያመጣሉ። የቫኒላ ቅመም ፈሳሹም እንደዚያው ነው። ማጣፈጫ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል፤ የሚጣፍጥ ከንፈር ይላሳል፣ የተላሰ ከንፈር ይደርቃል።

ለኬክ የሚሆን ፈሳሽ ቀለም ዘይት ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የቀይ ሥር ዱቄትም አይሟሟም፤ ከሥር ይዘቅጣል። ቀለም ካማራችሁ ለከንፈር የተፈቀደ ማይካ (የሚያብረቀርቅ የማዕድን ዱቄት) ግዙ፣ ወይም የምትወዱትን ሊፕስቲክ ትንሽ ቆርሳችሁ አቅልጡበት፤ ሊፕስቲኩ ግን የንብ ሰም ሊኖረው ስለሚችል ዝርዝሩን አንብቡ። የልጆች ክሬየን ማቅለጥን ተዉት፤ ለወረቀት እንጂ ለከንፈር አልተሠራም።

ዚንክ ኦክሳይድ ጨምሬ የፀሐይ መከላከያ ላድርገው የሚልም አለ። ዱቄቱ እኩል ካልተበተነ ከንፈሩ አንዱ ጋ ተሸፍኖ ሌላው ጋ ባዶ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ይህን የምትለኩበት መንገድ የለም። ለፀሐይ ከሆነ የተመረመረውን ግዙ።

አቀማመጥ

ከመጠቀማችሁ በፊት የክንዳችሁን ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ከንፈር ላይ አይውጣ።

ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ቦታ ከተቀመጠ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቆያል፤ ይህ ግን የሚወሰነው ውስጡ ባለው ዘይት ነው። የገዛችሁት ዘይት ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ከነበረ ቅባቱም ሁለት ወር ነው ዕድሜው። የተሠራበትን ቀን ቱቦው ላይ ጻፉ። ሽታው እንደ ቆየ ዘይት ከከነከነ፣ ወይም ጣዕሙ ከመረረ ጣሉት። ብልቃጥ የሚጠቀም ሰው በንጹሕ ጣት ይንካ፤ ከንፈሩ ላይ ቁስል የወጣበት ሰው ደግሞ ለሌላ አያውስ፣ ከዳነ በኋላም ያንኑ ቱቦ አይቀጥልበት።